ውድ ሰዓት ከጎንደር ወደ ውጭ ሲላክ፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው መድን፣ የትኛው ዋጋ?

ከጎንደር ሰዓት ወደ ውጭ የሚልኩ ሰዎች ብዙ ዓይነት አይደሉም። ከአባታቸው የወረሱትን የስዊዘርላንድ ሰዓት ለጥገና ወደ አምራቹ የሚልኩ አሉ። ለጥምቀት መጥቶ ሰዓቱን እናቱ ቤት ረስቶ ለሄደ ወንድም የሚልኩ አሉ። ጥቂቶች ደግሞ ሸጠው ለገዢው ይልካሉ። ሁሉም ፒያሳ ወዳለው ፖስታ ቤት ወይም ወደ አንዱ የፈጣን መልእክት ወኪል ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ያስከፍላል?» ብለው ነው። ሰዓት ጥገና ላይ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ እኔም በየጊዜው እጠየቃለሁ፤ መልሴም ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው። ሰዓቱ ቢጠፋ ማን ይከፍላል? ስንት ይከፍላል? ከየት እስከ የት ለጠፋው ነው የሚከፍለው? መንገዶቹን ከዚህ በታች የማወዳድረው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው፤ የመላኪያው ዋጋ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለአንድ ሰዓት የሚጻፉት ሦስት ዋጋዎች

ኤርዌይ ቢል በሚባለው የአየር ጭነት ሰነድ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዱ ለማጓጓዣ የተገለጸ ዋጋ የሚሞላበት ሲሆን ሌላው ለጉምሩክ የተገለጸ ዋጋ የሚሞላበት ነው። ሰነዱን የሚሞላው ሠራተኛ እጁ ስለለመደ በመጀመሪያው ላይ ኤን.ቪ.ዲ. ብሎ ያልፋል፤ ዋጋ አልተገለጸም ማለት ነው። በሁለተኛው ላይ ኤን.ሲ.ቪ. ይጽፋል፤ የንግድ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ለትምህርት ማስረጃ ቅጂ ወይም ለውክልና ወረቀት ይህ አይጎዳም። ሰዓት ላይ ሲሆን ግን ላኪው ገና ከመስኮቱ ሳይርቅ መብቱን አሳልፎ ሰጥቷል።

የመጀመሪያው ሳጥን በዚህ መልክ ከታለፈ አጓጓዡ የሚጠየቀው በዋጋ ሳይሆን በክብደት ነው። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ለአየር ጭነት የተጠያቂነት ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኪሎ ግራም 26 ኤስዲአር ሆኗል። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን 26ቱ ወደ 35 ዶላር ገደማ ይመጣል። የእጅ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ግራም አይበልጥም፤ ከነማሸጊያው አንድ ኪሎ ቢሞላ ነው። ስለዚህ 3,000 ዶላር የሚያወጣ ሰዓት ቢጠፋ አጓጓዡ ከ35 ዶላር በላይ የመክፈል ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ስምምነቱ መውጫም አስቀምጧል። ላኪው ዕቃውን ሲያስረክብ ዋጋውን ለይቶ ካስመዘገበና የሚጠየቀውን ተጨማሪ ሒሳብ ከከፈለ ጣሪያው እስከተመዘገበው ዋጋ ድረስ ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ሳጥን ቀረጥና ታክስ የሚሰላበት ዋጋ ነው። ሦስተኛው ዋጋ መድን ከተገባ በመድን ፖሊሲው ላይ የሚሰፍረው ነው። ሦስቱ የተለያየ ሥራ ቢኖራቸውም እርስ በርሳቸው መጣላት የለባቸውም። ወጣቶች ሁልጊዜ የሚያቀርቡልኝ ዘዴ አለ፦ «ጋሼ፣ ለጉምሩክ ስጦታ፣ ሃያ ዶላር ብለን እንጻፍ፤ መድኑን ግን በሦስት ሺሕ እናድርገው።» መልሴ አጭር ነው፦ «ልጄ፣ ቢጠፋ መድን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ያንኑ የጉምሩክ ወረቀት ነው።» በራስ ፊርማ ሃያ ዶላር ነው ብሎ ለመንግሥት ያረጋገጠ ሰው ሦስት ሺሕ ጠፋብኝ ቢል ክርክሩ ውሃ አያነሳም። ያ ብቻ አይደለም። መዳረሻው አገር ያለ ጉምሩክ የተነገረውን ዋጋ ካላመነ በተመሳሳይ ዕቃዎች ዋጋ ራሱ ይተምነዋል፤ ቅጣት ሊጥል ወይም ሰዓቱን ሊወርስ ይችላል። «ስጦታ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግም ዋጋን አያጠፋም፤ የአላላኩን ምክንያት ከመግለጽ አያልፍም።

ዋጋን ከልክ በላይ ማሳደግም ጥቅም የለውም። መድን የሚክሰው የደረሰውን ጉዳት ነው፤ 3,000 የሚያወጣውን በ6,000 ያስገባ ሰው የሚያተርፈው ትልቅ አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ መክፈል ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ዝቅ ያለ መድን ነው። ሰዓቱ 400,000 ብር እያወጣ በ200,000 ብር መድን ቢገባና 100,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስበት ድርጅቱ የሚከፍለው በምጣኔው 50,000 ብር ሊሆን ይችላል። ይህ ነገር እኛ አገር የበለጠ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በብር የተተመነ ሰዓት ዛሬ ሲታይ ከእውነተኛ ዋጋው በታች የተጻፈ ነው። የዋጋ ግምት ወረቀትዎ ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ ከሆነ ለሌላ ጉዳይ ያስቀምጡትና አዲስ ያሠሩ።

ፖስታ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስለሆነች የፖስታው የካሳ ሥርዓት የሚመራው በኅብረቱ ደንብ ነው። መድን ላልተገባለት ጥቅል በደንቡ የተለመደው የካሳ ጣሪያ በጥቅል 40 ኤስዲአር ሲሆን በየኪሎው 4.5 ኤስዲአር ይታከልበታል። ለአንድ ኪሎ ጥቅል ሁሉ ተደምሮ 60 ዶላር ገደማ ነው። ከአየር ጭነቱ ጣሪያ ይሻላል፤ ለውድ ሰዓት ግን ከሁለቱ መምረጥ ትርጉም የለውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ገደብ አለ። የወርቅና የብር ሥራዎችን፣ ጌጣጌጥንና ሌሎች የከበሩ ዕቃዎችን መድን በሌለው ደብዳቤ ውስጥ ማስገባት በኅብረቱ ደንብ የተከለከለ ነው። በአደራ ደብዳቤ የላኩት የወርቅ ሰዓት ቢጠፋ የተከለከለ ዕቃ ስለሆነ ካሳ ላያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ፖስታ ቤት ሲደርሱ የሚጠይቁት «ወደዚህ አገር መድን ያለው ጥቅል ትቀበላላችሁ? እስከ ስንት?» ብለው ነው። መልሱ እንደ መዳረሻው አገር ይለያያል፤ አንዱ አገር ይቀበላል፣ ሌላው አይቀበልም። በደብዳቤ መደብ ለሚላክ ትንሽ ዕቃ ዋጋው እስከ 300 ኤስዲአር ከሆነ ሲኤን 22 የሚባለው አነስተኛ የጉምሩክ ቅጽ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም በጥቅል ከተላከ ሲኤን 23 ይሞላል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለተራ የኳርትዝ (የባትሪ) ሰዓት ፖስታ መልካም ነው። ውድ ለሆነው መድኑ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ አይሆንም።

ፈጣን መልእክት

ዲኤችኤል፣ ፌዴክስና ዩፒኤስ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራሉ። የእነዚህ ጥቅም ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ጥቅሉ በየጣቢያው ሲያልፍ ስለሚመዘገብ ቢጠፋ የት እንደጠፋ ማወቅ ይቻላል። ካሳ ሲጠየቅ ይህ ብዙ ይረዳል።

ጉዳቱ ሰዎች «ዋጋውን አስመዝግቤያለሁ» ሲሉ መድን የገቡ መስሏቸው መሄዳቸው ነው። ዋጋ ማስመዝገብ የአጓጓዡን የተጠያቂነት ጣሪያ ከፍ ያደርጋል እንጂ መድን አይደለም። አጓጓዡ በውሉ ተጠያቂ ካልሆነበት ምክንያት የመጣ ጉዳት፣ ለምሳሌ ከደካማ አስተሻሸግ የተነሣ ስብራት፣ አይካስም። በዚያ ላይ ሰዓትና ጌጣጌጥ የራሳቸው ዝቅተኛ ጣሪያ አላቸው። ፌዴክስ በአሜሪካ የአገልግሎት መመሪያው ሰዓትን ከነመለዋወጫው ልዩ ዋጋ ካላቸው ዕቃዎች መድቦ ሊመዘገብ የሚችለውን ከፍተኛ ዋጋ በ1,000 ዶላር ገድቦታል። ከዚያ በላይ ቢጽፉ እንኳ የሚያገኙት በጣሪያው ልክ ነው። ሌሎች አጓጓዦች ከተወሰነ ዋጋ በላይ የሆነ ሰዓት ያለ ቅድሚያ ስምምነት አይቀበሉም፤ ሳያሳውቁ ካስገቡት ውሉ ራሱ ሊፈርስ ይችላል።

ስለዚህ ወኪሉ ዘንድ ሁለት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፤ መልሱንም በኢሜይል ወይም በማኅተም ይቀበሉ። ለእጅ ሰዓት የምትቀበሉት ከፍተኛው ዋጋ ስንት ነው? ለብቻው የሚሸጥ የመድን ሽፋን አላችሁ ወይስ ዋጋ ማስመዝገብ ብቻ ነው? «ችግር የለም፣ እኛ እንልከዋለን» የሚል መልስ ከሰጡዎት ጥያቄዎ ገና አልተመለሰም።

የራስን መድን መግባት

ሰዓቱ ከአጓጓዡ ጣሪያ በላይ ከሆነ የሚቀረው ራሱን የቻለ የጭነት መድን ነው። በመንግሥት ይዞታ ካለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ጀምሮ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሠሩ የግል ድርጅቶች የጭነት መድን ይሸጣሉ። መሥሪያ ቤቱ ሲገቡ የባሕርና የአየር ጭነት ክፍልን ይጠይቁ። የክፍሉ ሠራተኞች የለመዱት ኮንቴይነር ነው፤ አንዲት ሰዓት ይዞ የመጣ ሰው ትንሽ ግር ሊላቸው ይችላል። አይቸኩሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ በዝርዝር መናገር የምፈልገው ስለ ሽፋኑ ዓይነት ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። በዓለም ዙሪያ የጭነት መድን የሚሸጥባቸው ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት መደበኛ ውሎች አሉ። ሲ ርካሹ ነው፤ እሳትን፣ ፍንዳታን፣ የተሽከርካሪ መገልበጥንና የመሳሰሉትን ትላልቅ አደጋዎች ይሸፍናል። ቢ ጥቂት አደጋዎችን ይጨምራል። ሁለቱም ስርቆትን አይሸፍኑም። ኤ ተለይቶ ካልተከለከለ በቀር ሁሉንም አደጋ ይሸፍናል። ሰዓት ደግሞ የሚጠፋው መርከብ ሰጥሞ አይደለም፤ ሳጥኑ ተቀድዶ ወይም እንዳለ ተወስዶ ነው። ስለዚህ ለሰዓት ሲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አረቦኑ አነሰ ብለው ከመደሰትዎ በፊት የውሉን ፊደል ይመልከቱ።

ከውጭ ሰዓት የሚገዙም ይህን ይወቁ። ኢንኮተርምስ 2020 በሚባሉት የዓለም አቀፍ ሽያጭ መደበኛ ቃላት መሠረት ሻጩ ማጓጓዣውንና መድኑን ችሎ «ሲአይኤፍ» ብሎ ቢሸጥልዎ የመግባት ግዴታ ያለበት የሲ ሽፋን ብቻ ነው። «ሲአይፒ» ካለ ግን የኤ ሽፋን መግባት አለበት። አንድ ፊደል ስርቆትን ያስገባል ወይም ያስወጣል።

በአየር ለሚላክ ዕቃ የተዘጋጀ ለብቻው የአየር ውል አለ፤ እንደ ኤ ሰፊ ነው። ርእሱ ላይ ግን በፖስታ የሚላክን እንደማይጨምር በግልጽ ይጽፋል። በፖስታ ልከው የአየር ውል ይዘው ካሳ ቢጠይቁ ውል የለዎትም ማለት ነው። ሁሉም ውሎች የማይከፍሏቸው ነገሮችም አሉ፦ መዘግየት፣ ደካማ አስተሻሸግ፣ ዕቃው በራሱ ተፈጥሮ የሚያመጣው ብልሽት። ከውጭ ምንም ምልክት ሳይታይ «ማሽኑ ቆመ» የሚል ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ ይሆናል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ሰዓቱ እየሠራ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ የጀርባ ክዳኑን፣ የሞዴል ቁጥሩንና መለያ ቁጥሩን ፎቶግራፍ ያንሱ።

በሰው እጅ

ከጎንደር የሚላክ ውድ ዕቃ አብዛኛው የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ በተለይ ከጥምቀት በኋላ የመጡት ሲመለሱ። ሰዓቱ ከሰው ዓይን አይርቅም፣ በየመጋዘኑ አይገላበጥም። እኔም ለውርስ ሰዓት ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው፤ የአባትን ሰዓት የትኛውም ካሳ አይተካውም።

ነገር ግን ይህ መንገድ ወረቀት የለውም፤ ወረቀት ካልተሠራለት በቀር። መጀመሪያ፣ ሰዓቱ ወደ ዕቃ መጫኛ የሚገባው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። አየር መንገዶች ውድ ዕቃ በተመዘገበ ሻንጣ እንዳይደረግ ያሳስባሉ፤ ለሻንጣ ያለው የተጠያቂነት ጣሪያም ለአንድ መንገደኛ ለሁሉም ዕቃው 1,519 ኤስዲአር ብቻ ነው። እጅ ላይ ወይም የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሁለተኛ፣ ይዞት የሚሄደው ሰው መዳረሻው ላይ ያለበትን ግዴታ አስቀድሞ ይንገሩት። ወደ አሜሪካ የሚመለስ ነዋሪ በመደበኛው ደንብ ያለ ቀረጥ የሚያስገባው እስከ 800 ዶላር ነው፤ በአየር ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ መንገደኛ ደግሞ እስከ 430 ዩሮ። ከዚያ በላይ የሆነውን ማሳወቅ የመንገደኛው ግዴታ ነው። «የእኔ አይደለም፣ የአክስቴ ልጅ ነው የሰጠኝ» ማለት ጉምሩክ ፊት አያድንም፤ እንዲያውም የግል መገልገያ ነው የሚለውን መከራከሪያ ያሳጣል። የሰውን ልጅ በእርስዎ ሰዓት ምክንያት አያስይዙት።

መድኑ ከየት ይመጣል? ባለሰዓቱ አሜሪካ የሚኖር ከሆነ በቤት መድኑ ላይ ጌጣጌጥንና ሰዓትን በስም ዘርዝሮ ማስመዝገብ ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ በየትኛውም አገር ይሠራል። ሰዓቱ በሌላ ሰው እጅ ሳለ ይሠራ እንደሆነ ግን መድን ሰጪውን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። አደራ ተቀባዩም ቢሆን ዘመድ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ የሰዓቱ ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩና የርክክቡ ቀን ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ። እትዬ እገሌ ቅር ይላቸዋል ብለው አይስጉ፤ ያለ ወረቀት የጠፋ ሰዓት ከዚህ የበለጠ ያቀያይማል።

ለጨረታ የሚቀርቡና እጅግ ውድ የሆኑ ሰዓቶች በእነዚህ መንገዶች አይሄዱም። ብሪንክስና ማልካ አሚት የመሳሰሉ የከበሩ ዕቃዎች አጓጓዦች አሉ፤ መድኑም ጥበቃውም ከማጓጓዣው ጋር ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ካለዎት የሚገዛው ወይም የሚያጫርተው ድርጅት በራሱ ውል እንዲያስወስድ ይጠይቁ። የሰዓት አምራቾችም ለጥገና ሲቀበሉ አንዳንዴ መድኑ የተከፈለበት የመላኪያ ሰነድ ስለሚልኩ፣ መጀመሪያ ለእነሱ መጻፍ ይሻላል።

ከጎንደር እስከ ቦሌ

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው የማያስበው፣ እኛ ግን ልንዘለው የማንችለው ክፍል ይህ ነው። ዓለም አቀፍ ጥቅል የሚወጣው በቦሌ በኩል ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰዓቱን በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ሰጥተው አዲስ አበባ ላይ እንዲያስልክልዎ ቢያደርጉ ኤርዌይ ቢሉ የሚቆረጠው አዲስ አበባ ነው፤ የዓባይን በረሃ ሲያቋርጥ የነበረው ሰዓት የማንም ኃላፊነት አይደለም። ጎንደር ላይ ካለ ወኪል ኤርዌይ ቢል ከተቆረጠ ግን የአጓጓዡ ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚያው ከመስኮቱ ነው። ሁለቱ አማራጮች በዋጋ ጥቂት ቢለያዩ እንኳ ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው።

የጭነት መድን ከገቡም ሽፋኑ ከጎንደር እንዲጀምር በፖሊሲው ላይ «ከጎንደር» ተብሎ ይጻፍ። አንድ ነገር ግን መርሳት አይገባም። መደበኛዎቹ ውሎች ጦርነትንና የእርስ በርስ ግጭትን አይሸፍኑም። ለብቻው የሚገዛው የጦርነት ሽፋንም በአየር ጭነት ላይ የሚሠራው በመሠረቱ ዕቃው አውሮፕላን ላይ ሳለ ነው እንጂ በየብስ አይደለም። ክልላችን ካለበት ሁኔታ አንጻር ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የአገር ውስጡን ጉዞ ከአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ማድረግ የመድኑም የሰዓቱም ጥቅም ነው። በመተማ በኩል በየብስ ማሻገርን የሚያነሣ ሰው ካለ፣ ለሰዓት አላስበውም።

ጉምሩክ ላይ የሚጻፈው

«ሰዓት፣ አንድ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ የእጅ ሰዓት ሁለት ቤት አለው፤ ቀፎው ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከፕላቲኒየም ከሆነ 9101፣ ካልሆነ 9102። አሜሪካ ደግሞ በብዙ ሰዓቶች ላይ ቀረጡን ለማሽኑ፣ ለቀፎው፣ ለማሰሪያውና ለባትሪው ለየብቻ ስለምታሰላ ደረሰኙ ላይ ዋጋው ከተከፋፈለ ሥራው ይቀላል። እዚያው አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚደርስ ጥቅል የነበረው ከቀረጥ ነፃ የመግቢያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ተቋርጧል፤ ከዚያ በፊት በላከ ሰው ልምድ አይመሩ።

ለጥገና የሚላክ ሰዓት ተመልሶ እንደሚመጣ ከመውጣቱ በፊት ለጉምሩክ ካልተነገረ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ሊቀረጥ ይችላል። በዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም በጉምሩክ ማስታወቂያ ሰነዱ፣ ላይ «ለጥገና፣ ተመላሽ» ተብሎ ከነመለያ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ካለዎት ይህን መጀመሪያ ይንገሩት። እንደ አዲስ ዕቃ ቢቆጠር የሚመጣውን ሒሳብ እንይ። የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ እኛ ዘንድ የዕቃው ዋጋ፣ የማጓጓዣውና የመድኑ ድምር ነው፤ አረቦኑም ይቀረጣል። ድምሩ 100,000 ብር፣ የቀረጥ መጣኔው 30 በመቶ ነው ብለን እንያዝ፤ ትክክለኛው መጣኔ ከታሪፍ መጽሐፉ ይታያል። ቀረጡ 30,000 ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ በ130,000 ላይ 19,500 ነው። ሱር ታክስ 10 በመቶ በ149,500 ላይ 14,950 ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 64,450 ብር፤ የራስን ሰዓት መልሶ ለማስገባት።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለማሰሪያው ነው። የአዞ ቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት፣ ለመጥፋት በተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በተደረገው የሳይተስ ስምምነት ምክንያት፣ የዱር እንስሳት ፈቃድ ሊጠየቅበትና ድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል። ፈቃዱን እዚህ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ከዚያ ሁሉ ግን ማሰሪያውን ፈትቶ ቤት ማስቀመጥ ይቀላል፤ አምራቹም ለጥገና ማሰሪያ አያስፈልገውም። እንዲሁም የቤተ መንግሥት ስጦታ የነበረ ወይም ታሪካዊ ጽሑፍ ያለበት የድሮ የኪስ ሰዓት ከሆነ ከመላክዎ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ያማክሩ፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል። ስማርት ሰዓት ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪም ለአጓጓዡ መነገር አለበት።

ታዲያ የትኛው?

ዋጋው እስከ 200 ዶላር ለሆነ ሰዓት ፖስታ ይበቃል። ከዚያ በላይ እስከ አጓጓዡ ጣሪያ ድረስ፣ ጎንደር ላይ ኤርዌይ ቢል የሚቆርጥ ፈጣን መልእክት፣ ዋጋው በመጀመሪያው ሳጥን ተጽፎ። ከጣሪያው ካለፈ ያው ፈጣን መልእክት ከኤ ወይም ከአየር ውል መድን ጋር፤ መድን ሰጪው ግን አጓጓዡን በስም ማወቅና መቀበል አለበት። የውርስ ሰዓት ከሆነ በሰው እጅ። ለጥገና የሚልኩ ሰዎችን ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የተበላሸው ምንድን ነው? መስታወት፣ የውሃ መከላከያ ጎማ ወይም መሙያ ከሆነ ሰዓቱን ከመላክ መለዋወጫውን ማስመጣት ይሻላል። መለዋወጫው ቢጠፋ የጠፋው መለዋወጫ ነው።

አስተሻሸጉ ላይ ብዙ አልልም። ሳጥን በሳጥን ውስጥ፣ ሰዓቱ የማይንቀሳቀስበት፣ ከውጭ የሰዓት ስም የሌለበት። የአምራቹ ኦርጅናል ሣጥን ከውጭ አይታይ። የላኪው ስም ላይ «ወርቅ ቤት» ወይም «ሰዓት ቤት» የሚል ካለ በግል ስም ይተኩት። ጥቅሉን ወኪሉ ፊት ያስመዝኑና ግራሙ ኤርዌይ ቢሉ ላይ በትክክል መጻፉን ይዩ።

ተቀባዩም ሥራ አለበት። ሲረከብ በቅድሚያ ክብደቱን ያስመዝን፤ ኤርዌይ ቢሉ ላይ 940 ግራም የተጻፈው 760 ከሆነ ሳይከፍት እዚያው ያስመዝግብ። ማሸጊያው ከተነካካ በመረከቢያው ላይ «ተቀድዶ ተረከብኩ» ብሎ ጽፎ ይፈርም፤ ዝም ብሎ ከፈረመ ዕቃው በደኅና እንደደረሰ ይቆጠራል። ሲከፍት ቪዲዮ ይቅረጽ። ጉዳት ካለ በሞንትሪያል ስምምነት ለአጓጓዡ በጽሑፍ የሚያመለክትበት ጊዜ ከተረከበበት ቀን ጀምሮ 14 ቀን ነው፤ ለመዘግየት 21 ቀን፤ ክስ ለመመሥረት ሁለት ዓመት። በፖስታ ከሆነ ፍለጋ የሚጠየቀው ከተላከ ማግስት ጀምሮ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ነው። ለመድን ድርጅቱ ፖሊሲው፣ ኤርዌይ ቢሉ፣ ደረሰኙ፣ ፎቶግራፎቹና ለአጓጓዡ የተጻፈው ማመልከቻ ቅጂ አብረው ይቅረቡ። ማመልከቻው ላይ የተቀባይ ማኅተም ይኑርበት፤ በስልክ የተነገረ አቤቱታ መዝገብ ላይ አይገኝም።